ያላየሁት መድረሻ አድራሻ

የነፍስ አባቴ ፊት ሌላውን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ስለ ኔትወርክ ምን ያውቃሉ እላለሁ። ሰበብ ነው።

የኮምፒውተር መስመር ሰቆጣ በገባ ሰሞን ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁት ባለሙያ እኔ ነበርኩ። ባሕር ዳር ያለው የይግባኝ ችሎት የሰቆጣን ባለጉዳይ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሊሰማ ሆነ። ለዚህም መስመሮቹን በሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹ ላይ፣ ታነል አዋቅር ተባልኩ፤ በጋራው መስመር ውስጥ የችሎቱ ምስልና ድምፅ ብቻ የሚያልፍበት የተከለለ መንገድ ማለት ነው። መነሻ አድራሻና መድረሻ አድራሻ ይጻፍለታል። እኔው ጻፍኩት።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግራቸው የመጡ ባልቴት ነበሩ። የሟች ባላቸው ወንድም መሬታቸውን ቀምቷቸዋል። ፕላዝማው ፊት ተቀመጡ። ጨለማ! ስዊቹን ስጠይቀው ታነሉ ክፍት ነው ይለኛል። ክፍት ነው፤ ግን ምንም አያልፍም! አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ተራገምኩ።

የባሕር ዳሩ ባለሙያ በስልክ፣ «መድረሻ አድራሻውን አንድ በአንድ አይተኸዋል?» አለኝ።

«አይቻለሁ! ችግሩ ከእናንተ ነው!»

አላየሁም። ለምን አላየሁም? ማየት መሳሳቴን ማመን መስሎ ታየኝ።

«እናቴ፣ መስመሩ ከወዲያ ተበላሽቷል» አልኳቸው። ለወሩ ተቀጠሩ። በወሩ መጡ፤ ያው ጨለማ፣ ያው የእኔ ውሸት። ቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣኛ ነውና አማርኛውን ቃል እየመረጡ፣ «ምን ታረግ ልጄ፣ ያንተ ጥፋት አይደል። እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ምርቃቱን «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ። እንዴት አስቻለኝ?

እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ፣ ሰው ሳያየኝ፣ አድራሻውን አየሁት። ሰባትን አንድ ብዬ ጽፌዋለሁ። አስተካከልኩት። ወዲያው ፕላዝማው ላይ የባሕር ዳሩ ችሎት ወንበሮች ብቅ አሉ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ ወይዘሮ ለተብርሃን ግን አልመጡም። ስማቸው ሦስቴ ተጠራ። ሁለቱ ቀጠሮ የባከነው በእኔ ነው ብዬ ለዳኛው መናገር እችል ነበር፤ ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን አጠፋሁት። ይግባኙ ተዘጋ።

ቆይቶ አንዲት ጎረቤታቸውን ገበያ አገኘኋት። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው እንደቀሩ፣ አሁን ልጃቸው ዘንድ ተጠግተው እንደሚኖሩ፣ መሬቱን ያው የባላቸው ወንድም እንደሚያርሰው ነገረችኝ። ለእሷም አልተናገርኩም።

ስልጠናው አጭር ነበር፣ መብራቱም ይቆራረጥ ነበር። እውነት ነው፤ ግን «አይቻለሁ» ያሰኘኝ መብራቱ አይደለም። ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም። ሊምሩኝ የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንደበደልኳቸው እንኳ አያውቁም።