ከእንሰቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሀዲያ ውስጥ ጃጁራ በምትባል ከተማ ሳይንስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሳስቻለሁ። መምህር ሲሳሳት ሰሌዳውን ጠርጎ ያልፋል። ይኼኛው ግን አልጠረግ ያለኝ፣ ያጠፋሁት ልክ ሆኜ ስለነበረ ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስረዳ። በዚያን ጊዜ በከምባታና በሀዲያ ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ነበር። አንዳንዱ የእህል መጋዘን፣ አንዳንዱ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። ተሰብስቦ ሲዘምር የተገኘ ሰው ይታሰራል። ሌላው ነገር እንሰቱ ነው። እንሰት ከቤት ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ ይተከላል፤ ቅጠሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ሃያ ሰው ገብቶ ቢቀመጥበት ከመንገድ አይታይም።

ዛሬ ሁለቱንም አውቃለሁ። ያኔ ግን ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ቤተሰቤም ኦርቶዶክስ ስለሆነ፣ የጸሎት ቤቶቹን ነገር በወሬ ብቻ ነበር የሰማሁት። እንሰቱንም ቆጮ ከሚገኝበት ተክልነቱ በቀር ልብ ብዬ አላየሁትም።

በሚያዝያ ወር ከአውራጃው ትምህርት ቤቶች የተውጣጣን መምህራን ሆሳዕና ላይ ለአምስት ቀን ሴሚናር ተጠራን። ርዕሱ ሳይንሳዊ አስተሳሰብና አጉል እምነት የሚል ነበር። ስለ ቡዳ፣ ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ክታብ ተወያየን። ሌሎቹ ሲያዛጉ እኔ በሁለት ቀለም ማስታወሻ እይዝ ነበር፤ ጥያቄውን በሰማያዊ፣ መልሱን በቀይ። በሦስተኛው ቀን መምህራኑ «ሳይንስ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሴሚናሩ ተዘጋ። ወደየመጣንበት የሚወስዱን መኪኖች በዝናቡ ምክንያት ዘገዩ። እኛም ሻይና ዳቦ ይዘን የአዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሴሚናሩን የመራው ካድሬ፣ ጓድ መላኩ፣ አብሮን ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሳቅ የሚወድ ሰው ነበር።

«በሉ እንግዲህ ሴሚናሩ አልቋል» አለ። «እያንዳንዳችሁ በልጅነታችሁ ያመናችሁትን ወይም የሰማችሁትን አንድ አጉል ነገር ተናገሩ። ቃለ ጉባኤ አልይዝም።»

ከዳምቦያ የመጣ አንድ መምህር ጀመረ። ኮከብ የቆጠረ ሰው እጁ ላይ ኪንታሮት ይወጣበታል ሲባል ሰምቶ፣ እሱ ግን አሥራ ሰባት ቆጥሮ ነበርና ወር ሙሉ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መክረሙን ነገረን። እናቱ ጨርቁን ስትፈታው የተገኘው ቆሻሻ ብቻ ነው።

«ኪንታሮት የሚመጣው በዓይን በማይታይ ተሕዋስ ነው» አልኩ እኔ።

«ማን ጠየቀህ?» አለኝና ሰው ሳቀ።

ቀጥሎ ጋሽ ይርጋ ተናገሩ። ጋሽ ይርጋ ጃጁራ አብረን የምናስተምር፣ ከሰሜን መጥተው ሃያ ዓመት እዚያ የኖሩ አዛውንት መምህር ናቸው። ተማሪ ሳሉ ለፈተና ክታብ አሠርተው፣ አጠገባቸው ለሚቀመጠው ልጅም አንድ አሠርተውለት፣ ሁለቱም በሒሳብ ወደቁ። ደብተራው ጋ ሄደው ሲያማርሩ፣ «ለምን ሒሳብ መሆኑን አልነገራችሁኝም? ያ የታሪክ ነው» አላቸው። በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ጓድ መላኩ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዙሩ ሊያልቅ ሆነ።

«መምህርት ታደለች ቀረሽ» አለ ጓድ መላኩ።

ታደለች ሺንሺቾ አካባቢ ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር ከምባታ ናት። አምስቱን ቀን ሙሉ አንድም ቃል ስትናገር አልሰማኋትም።

«እኔ እንኳ የለኝም» አለች።

«እዚህ አገር ተወልደሽ? አይሆንም፣ ተናገሪ።»

ሻይዋን አየት አደረገችና፣ «እንግዲህ ከቤታችን ጀርባ እንሰቱ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር አለ ይላሉ» አለች። «ጎህ ሲቀድ ነው የሚሰማው። ሰው አጥሩን አይጠጋም፣ ዞሮ ነው የሚያልፈው። አንድ ጊዜ የአጎቴ ሚስት ድምፁን ስትሰማ ቅቤዋን ጥላ ሮጠች። ቅቤውን ውሻ በላው። ከዚያ ወዲያ ጋኔኑ ቅቤ ይወዳል ተባለ።»

ከሁሉም የበለጠ የተሳቀው በዚህ ነው። እሷም ፈገግ ብላ ሻይዋን አነሣች። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

«ሁልጊዜ ነው የሚሰማው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ እንጃ።»

«ቀን አለው?»

«የገበያ ዕለት ነው ይላሉ» አለች ቀስ ብላ።

ብድግ አልኩ። ክፍል ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። «ጋኔን ቀን መቁጠሪያ የለውም» አልኩ። «ቀን የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። ለምን የገበያ ዕለት? በሌላ ቀን ጎህ ሳይቀድ ከቤቱ የወጣ ሰው ወዴት ትሄዳለህ ይባላል። የገበያ ዕለት ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ስለዚህ እዚያ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። ድምፁ የሚያጉረመርመውም አፋቸውን ዘግተው ስለሚያዜሙ ነው። እንዲህ።» አልኩና አፌን ገጥሜ አሳየኋቸው።

የሳቀ አልነበረም። የዳምቦያው መምህር ጫማውን ማየት ጀመረ። ጓድ መላኩ ፊቱ ላይ ፈገግታው እንዳለ ቀርቶ ዓይኑ ግን ተለውጦ ታደለችን ያያት ነበር።

«ንብ ነው» አሉ ጋሽ ይርጋ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አንተ የከተማ ልጅ፣ ጎህ ሲቀድ ቀፎ አጠገብ ቆመህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያውስ ሻይህን ጠጣ። ሊፈልስ የደረሰ ንብ እንዴት እንደሚያጉረመርም እኔ አባቴ ጓሮ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።»

«ንቡስ ገበያ የሚውልበትን ቀን በምን አወቀ ጋሽ ይርጋ?» አለ ጓድ መላኩ። ይህን ሲል እየቀለደ አልነበረም።

ጋሽ ይርጋ ወደ ብርጭቋቸው አጎነበሱ። እኔም ያን ጊዜ ነው ታደለችን ያየሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ሻዩ ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ ነው። ትኩስ ነበር። እሷ ግን አልተሰማትም። ምን እንዳደረግኩ በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። ክፍል ውስጥ የማስተምርበትን ድምፅ ፈለግኩ። «ንቡ ቀን አያውቅም። በየቀኑ ያጉረመርማል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት በአጥሩ አጠገብ መንገደኛ የሚኖረው የገበያ ዕለት ብቻ ነው። በሌላው ቀን ሰሚ የለም። እኔ ስለ ድምፁ ብቻ አሰብኩ፤ ስለ ሰሚው አላሰብኩም። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።»

«ለሳይንስ ዜሮ» አለ የዳምቦያው መምህር ቶሎ ብሎ። ሰዎች ሳቁ፤ ከልብ ግን አልነበረም።

ጓድ መላኩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሽ ይርጋን አየ። «ማር ካለማ ሄዶ ማየት ነው» አለ። ከዚያ ወደ ታደለች ዞሮ፣ «ቤታችሁ ሺንሺቾ ነው አይደል?» አላት።

«ከሺንሺቾ ወደ ታች ነው» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። የመኪና ጥሩምባ ተሰማና ሁላችንም ተነሣን።

ጃጁራ የሚወስደን የጭነት መኪና ላይ ጋሽ ይርጋ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልክ ነህ» አሉኝ ከተማውን ስንወጣ።

«ንብ ነው ባልኩት?»

«መጀመሪያ ባልከው።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እኔ ከእነሱ ጋር አልጸልይም። ጾማቸውም በዓላቸውም ከእኔ አይገጥምም። ባለቤቴ ያረፈች ዕለት ግን በዝናብ መቃብር የቆፈሩልኝ እነሱ ናቸው። አንተ ቀለሙ ገብቶሃል ልጄ። ሰው ገና አልገባህም።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ሁለት መኪና ቀያይሬ ሺንሺቾ ሄድኩ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል በመንገድ ላይ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር። ታደለች በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች፤ እንግዳ ነኝና ግን ግባ አለችኝ። ያዘጋጀሁትን ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«ወሬውን ያስወራነው እኛው ነን» አለች። «ጋኔን አለ ሲባል ሰው አይጠጋም። ሦስት ዓመት ጠብቆናል። እዚያ በረንዳ ላይም የተናገርኩት የለመደ አፌ አምልጦኝ ነው። ሳይንስ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ረሳሁት።»

እንደነገረችኝ፣ ከሴሚናሩ በማግስቱ አጎቷ ንብ ያለበት ቀፎ ተውሶ እንሰቱ መሐል አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን የገበሬ ማኅበር ሰዎች መጡ። ንቡ አንዱን ከንፈሩ ላይ ነደፈውና ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። የታሰረ ሰው የለም። ነገር ግን ቦታው ዓይን ገብቶበታልና ከዚያ ወዲህ እዚያ የተሰበሰበ የለም። ለዘማሪዎቹ ሌላ ቦታ ይገኝላቸዋል። እዚያ ይሰበሰቡ የነበረው ግን በእናቷ ምክንያት ነበር። እናቷ ዓይናቸው አያይም፤ እግራቸውም ከጓሯቸው አያልፍም።

እናቷ ጓዳ ሆነው ድምፄን ሰምተው ኖሮ ጠሩን። በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ንብ ነው ብሎ ያዳነን መምህር አንተ ነህ ወይ ትልሃለች» አለችኝ ታደለች።

«አይደለሁም በያቸው። ያጋለጥኳችሁ እኔ ነኝ በያቸው።»

ታደለች ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ተናገረች። አሮጊቷ ሳቁ። እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉኝ፤ አጎንብሼ ስቀርብ ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙና ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ቋንቋውን ባላውቅም ምርቃት መሆኑ አይጠፋም።

ደጅ ስንወጣ፣ «ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እሱ ነው፣ ግን ያፍራል አልኳት።»

«ለምን?»

«ምን ላድርግ? ያንተን ልብ ላቅልል ብዬ እሷ ቂም ይዛ ትተኛ?»

እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሳላስበው፣ «አሁንስ የት ነው የምትሰበሰቡት?» አልኳት።

«እሱን አልነግርህም መምህር» አለች። ክፉ ሆና አልነበረም፤ ለተማሪ እንደሚነገር በለሆሳስ ነው ያለችው። እጄን ጨብጣኝ ተመለሰች።

ጃጁራ ስገባ ለጋሽ ይርጋ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምርቃቱ የእርስዎ ነበር አልኳቸው። «ምርቃት አይመለስም» አሉኝ። «ተቀብለሃል፣ ኑርበት።»

የታደለች እናት በቀጣዩ ዓመት ክረምት ላይ አረፉ። የጸሎት ቤቶቹ የተከፈቱት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። አሮጊቷ በመጨረሻዎቹ ወራታቸው የገበያ ዕለት በጠዋት ነቅተው፣ አፋቸውን ዘግተው ብቻቸውን ያዜሙ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግር፣ «አድነሃቸዋል እኮ» ይሉኛል። የታሰረ ባለመኖሩ እኔም አመሰግናለሁ። ግን አንዲት ዓይነ ስውር እናት ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም፤ የነበራቸውን አንድ ጉባኤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ይህንንም ሳያውቁ መረቁኝ። ዛሬም ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ማስረዳትም እወዳለሁ። ያን ምርቃት ግን አንድም ቀን የእኔ ነው ብዬ ተኝቼበት አላውቅም።