በቅሎ የሌለው ተራ የለውም

በዚያ የማኅበራችን ስብሰባ የነበርነው የደባርቅ በቅሎ ጫኞች ነን። ሰብሳቢው ነበሩ። ጉልበታቸው ከተሰበረ ወዲህ በዱላ የሚሄዱት ሌላው ሽማግሌ ጫኝም ነበሩ። ከበየዳ የመጣው ቀልደኛም ነበር፤ ሌሎቹም አባላት በግንቡ ጥላ ተቀምጠዋል። በሟች ባሌ ቦታ አባል የሆንሁት እኔ ነበርሁ፤ አጠገቤም ልጄ። ከሴት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ በአባቱ በቅሎ ወደ ተራራው የቱሪስት ጓዝ ይጭን ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሳንቃ በር ሲመለስ፣ በቅሎዋ በጭጋግ ገደል ገባች። በማኅበራችን ደንብ የጭነት ተራ የሚያዘው በበቅሎ ነው፤ በቅሎ የሌለው ተራ የለውም። ሌላ ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ልጄ መተማ ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ ማለት ጀምሯል፤ እኔ ደግሞ የቆላውን ወባ እፈራለሁ።

ሽማግሌው ተነሡና፣ «ከማኅበሩ ሣጥን በየወሩ ለሁላችን እኩል ይሰጠን፤ የሠራም ያልሠራም፣ በቅሎ ያለውም የሌለውም» አሉ።

ቀልደኛው፣ «እንግዲያ እኔ ቤቴ ተኝቼ ልብላ፤ አባባ፣ እርስዎ ሳንቃ በር ይውጡልኝ» አላቸው።

«አንተማ ድሮም ተኝተህ ነው የምትሄድ፤ መንገዱን የምታውቀው በቅሎህ ናት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። «ማኅበር ያቆምነው ሥራው ለሁሉም እንዲደርስ ነው። ዝም ብለን ካከፋፈልን፣ አስጎብኚዎቹ ‹እናንተ ከሣጥን ትበላላችሁ› ብለው የጭነቱን ዋጋ ይሰብሩብናል» አሉ።

እጅ አውጡ ሲባል ከሽማግሌው ቀጥሎ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ልጄ ክንዴን ይዞ በቀስታ አወረደው።

«እማዬ፣ ተይ» አለኝ። ከዚያ ቆመና፣ «ጉልበት አለኝ። ተራ ስጡኝ እንጂ ያልሠራሁበትን አልበላም» አለ።

አጨበጨቡለት፤ የሽማግሌውም ሐሳብ ወደቀ። ተራ ግን የሰጠው የለም።

መስቀል እንዳለፈ ሄደ። አጎበር ገዝቼ ጓዙ ውስጥ ከትቼለት ነበር፤ ማታ ስገባ መደቡ ላይ ትቶልኝ አገኘሁት። ከመተማ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደወለ። «እየሠራሁ ነው፣ አታስቢ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ማኅበሩ ደንቡን ለወጠ። አሁን ተራ በሰው ነው፤ በቅሎ የሌለው ካለው ጋር ተጋርቶ ይጭናል። የልጄን ስም አልሰረዙትም። ሲጠራ እሰማለሁ፤ መልስ ሲጠፋ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ልጄ ረዥም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለው። በመተማም ይሁን በሁመራ ያየው ሰው ካለ፣ ደባርቅ በቅሎ ከሚጫንበት ላገኘው ሰው ይንገርልኝ፤ ይደርሰኛል። ያለበትን ብቻ።