አሥራ አንድ ጊዜ የሞተችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ በታናሽ ወንድሟ ፊልሞች ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሞታለች። ሁለቴ ታንቃ፣ አንዴ ግዙፍ ሸርጣን በልቷት፣ ቀሪውን ሁሉ በመጥረቢያ። የሸርጣኑ ዕለት የጮኸችው ከልቧ ነበር፤ ጥፍር ተብሎ የተሠራው ቆርቆሮ ጎኗን ቧጥጧታል። ወንድሟ ግን "እትዬ፣ ዛሬስ ተዋጣልሽ!" ብሎ አጨበጨበላት።

ወንድምዬው ፎቶ ቤት አለው፤ እንጀራው የመታወቂያ ፎቶ ነው። ሰፈሩ "ዳይሬክተሩ" ያለው ለሽሙጥ ነበር፤ እሱ ሽሙጡን እንደ ሹመት ተቀብሎ በሩ ላይ አጻፈው። ከፎቶ ቤቱ ጓዳ አንድ ያረጀ ቴሌቪዥንና እስከ ጣሪያ የተደረደረ የቪዲዮ ካሴት አለ። በሞተር ብስክሌት የሚፈነጩ ቀማኞች፣ እስር ቤት ገብተው ፀጉራቸው የማይበላሽ ሴቶች፣ ጀርባው ላይ ዚፑ የሚታይ ጭራቅ፤ ያልሰበሰበው ጉድ የለም። ደንበኛ ሲጠፋ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥና፣ ሌላው ሰው በሳቅ የሚፈርስበት ቦታ ላይ ካሴቱን አቁሞ በቁም ነገር ይጽፋል። "ዚፕ፣ ከኋላ። ይሞከር።"

ከዚያ ሁሉ ካሴት ያወጣው ሕግ አንድ ነው፤ ጠና ያለችው ሴት አሥረኛው ደቂቃ ላይ መሞት አለባት። ሲጠሯት ሳታጉረመርም የምትመጣለት ጠና ያለች ሴት ደግሞ እህቱ ብቻ ናት።

የምትሞትበትን ቀሚስ የምትሰፋውም ራሷ ናት። ቀሚሱ ነጭ ነው። ከግራ ጡቷ ሥር በውስጥ በኩል ትንሽ ኪስ ታደርግበታለች፤ እዚያ የቀይ ሥር ጭማቂ የሞላ ላስቲክ ይገባል። መጥረቢያው ሲያርፍ በክንዷ ጨመቅ ታደርገዋለች። ቀሚሱ አንድ ስለሆነ የሚቀርጹትም አንዴ ብቻ ነው።

አሥራ ሁለተኛው ፊልም ሲመጣ ግን አንገሸገሻት። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞች "ሟቿ አለች?" ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ሴት ልጇም እናቷን ፊልም ላይ አንድም ቀን በወጉ አይታት አታውቅም፤ ገና መጥረቢያው ብቅ ሲል ዓይኗን ትሸፍናለች።

"ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልለምንህ" አለችው። "በዚህኛው እስከ መጨረሻው ልኑር። አንዴ ብቻ።"

"እትዬ ትሙት፣ አይቻልም!"

"ይኸው፣ አሁንም ገደልከኝ።"

እጇን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባትና ካሴት ከፈተላት። አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ በር ከፈተች፤ ሞተች። "አየሽ? አሥረኛው ደቂቃ!"

"እኔ ካሴቱን አልጠየቅኩም፤ አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የቀረጻው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የፎቶ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው ሌሊት አደረጉት። ገዳዩ ጎረቤታቸው አናጺው ነው፤ ከመግደሉ በፊት ጉሮሮውን የሚጠራርግ፣ ከገደለ በኋላ "አላሳመምኩሽም?" የሚል ጨዋ ሰው። የካርቶን መጥረቢያውን አንስቶ አሳረፈባት። ደሙ ፈሰሰ። እሷ ግን ቆማ ቀረች።

"ሙቺ እንጂ!" አለ ዳይሬክተሩ ከካሜራው ኋላ በሹክሹክታ።

"አልሞትም!" አለች ጮክ ብላ፤ ለአናጺውም እጇን ዘረጋችለት። ሰውዬው እሺ ባይ ነውና መጥረቢያውን አቀበላት። ይዛው ክፍሉን ሁለት ዙር አሳደደችው። በሦስተኛው ቀይ ሥሩ አንሸራተተው፤ ላለመውደቅ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ቢጨብጥ ይዞት ወረደ፤ የቀትሩ ፀሐይ በደም የራሰችው ሴትዮ ላይ ቦግ አለ። ዳይሬክተሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሌላ ቀሚስ ግን የለም፤ መቅረጹን አላቋረጠም።

ፊልሙ በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ታየ። ሌላ ጊዜ ይደነግጣል በተባለበት ቦታ የሚስቀው ሕዝብ፣ ብርድ ልብሱ ሲወድቅ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ልጅቷ ዓይኗን አልሸፈነችም። ልብስ ሰፊዋን ደስታው መቀመጫ አሳጣት።

"ይሄን ደግሞ እንዴት አሰብከው?" ብሎ ጠየቀ አንዱ ከፊት ወንበር።

ዳይሬክተሩ ደረቱን ነፍቶ ተነሳ። "ከመጀመሪያው ፊልሜ ጀምሮ ያቀድኩት ነው" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "እህቴን አሥራ አንድ ጊዜ የገደልኳት ለዚህች ቀን ነው።"

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ስሟን እንኳ አልጠራም። ቦርሳዋን አንስታ ልጇን ይዛ ወጣች።

በሳምንቱ የአሥራ ሦስተኛውን ፊልም ጽሑፍ ይዞላት መጣ። ገጽ ሁለት ላይ ሞታለች።

"ሰዉ አሁን ትተርፋለች ብሎ ይጠብቃላ!" አላት። "ጉዱ እዚያ ላይ ነው!"

"ጎበዝ" አለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "እስቲ እጅህን ዘርጋ፤ ሸሚዝ ልስፋልህ።"

ልቡ ቅቤ ጠጣ። ለምስጋና መሰለው።

የቀረጻው ዕለት ነጩን ሸሚዝ ሰጠችውና ከካሜራው ኋላ ሄዳ ቆመች። ደንበኞች ፀጉራቸውን በሚያበጥሩበት መስታወት ፊት ለበሰው፤ ልክክ አለ። ወዲያ ወዲህ እያለ ራሱን ሲያደንቅ ድንገት ቀጥ አለ። እጁን በአንገትጌው ወደ ግራ ጡቱ ሥር ሰደደ። ኪስ አለ፤ ኪሱም ሞልቷል።

ከኋላው አናጺው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"በል ወንድሜ፣ ተጠንቅቀህ ሙት" አለችው እህቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና። "ሸሚዙ አንድ ነው።"