መስታወት ያለበት ግድግዳ

ግንበኛው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስት ጊዜም አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኑ አልሄድ አለው። «የአደጋው መንስኤ፦ ሟች በመኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ የነበረውን የስንጥቅ መከታተያ መስታወት በገዛ ፈቃዷ ስላነሣች አደጋውን አስቀድሞ ማወቅ አልተቻለም» ይላል። ሟች የተባለችው ታላቅ እህቱ ናት። መስታወቱን ያነሣው እሱ ነው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለው የሕንፃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊው፣ እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ እየገፋ። «የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ ማንበብዎን ብቻ ነው የሚያረጋግጡት።»

«ማንበቡንስ አነበብኩ። ውሸት መሆኑን የማረጋግጠው የት ጋ ነው?»

ኃላፊው የሚፈረምበትን መስመር በጣቱ አመለከተው። ከመደርደሪያዎቹ ሥር የተቀመጠችው ጥቁር የለበሰች መዝገብ ያዥ ከምታገላብጠው ፋይል ቀና ብላ አየችው።

ግንበኛው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አርባ አንዱን ዓመት ግድግዳ ሲያቆምና የሰው ግድግዳ ሲጠግን ኖሯል። ሰፈሩ «አባ መስታወት» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣለት የሥራ ልማዱ ነው። ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብሎ የጠራው ሰው ቤት ሲገባ፣ እንደ ሌሎቹ ግንበኞች ወዲያው ማንካውን አንሥቶ ልስን አይለቀልቅም። ከኪሱ የጣት ርዝመት ያላት ስስ የመስኮት መስታወት ያወጣል። ስንጥቁ ላይ አጋድሞ ሁለት ጫፏን በጀሶ ይለጥፋታል። ጀሶው ሳይደርቅ ቀኑን በሚስማር ይጭርበትና «ማንም እንዳይነካት» ብሎ ይሄዳል። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስታወቷ ዓመታት ትቆያለች፤ ስንጥቁ የልስን ብቻ ነው፣ ይደፈናል። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ግን መስታወት ይሉኝታ የለውም። ቀጭ ይላል። ያኔ ቤተሰቡ አልጋውን ወደ ሌላው ክፍል ያዞራል፤ እሱ ድጋፍ አቁሞ መሠረቱን ይቆፍራል።

ሁሉንም በደብተር ይጽፋል፦ የማን ቤት፣ የትኛው ግድግዳ፣ መቼ ተለጠፈ፣ መቼ ተሰበረ። በሃያ ሁለት ዓመት ሦስት መቶ አርባ መስታወት ለጥፏል። የተሰበሩት ሃምሳ ሰባት ናቸው። መስታወቱ ከተሰበረባቸው ቤቶች አንድም ሰው አልሞተም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «የሰው ግድግዳ የሚናገረውን እንዲህ የምታዳምጥ ሰውዬ፣ እኔን የምትሰማኝ ስሰነጠቅ ነው?» ትለው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በከተማው ሌላ ዳር፣ አንድ የኪራይ ቤት ተንዶ አራት ሰው ገደለ። አከራዩ ስንጥቁን ካየው ወራት አልፈውት ነበር፤ ለተከራዮቹ ትንፍሽ አላለም። ሰው ተቆጣ፤ መቆጣቱም ልክ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም መመሪያ አወጣ። አሥራ አንድ ገጽ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ስንጥቅ መኖሩ የታወቀ ቤት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይለቀቃል፤ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መርምሮ ማረጋገጫ እስኪሰጥ ድረስ ማንም አይኖርበትም። ጥሩ ሐሳብ ነው። በከተማው ውስጥ ፈቃድ ያላቸው መሐንዲሶች ስድስት ነበሩ። ወረፋው ስምንት ወር ደረሰ። ስምንት ወር ሰው የት እንደሚያድር ከአሥራ አንዱ ገጽ አንዱም አይናገርም።

የመጀመሪያዋ ተረኛ ከእህቱ ቤት ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ተቆጣጣሪው ሰማያዊ ማኅደር ያቀፈ፣ ትሑት ወጣት ነበር። በውጭ ግድግዳዋ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተሰበረች መስታወት አየና ጻፈ። ግንበኛው እየሮጠ ደረሰ።

«ልጄ፣ ይቺ መስታወት ደኅና ናት እኮ! አለመሰበሯ ግድግዳው እንዳልተንቀሳቀሰ ነው የሚነግርህ።»

«አባባ፣ እኔ ስንጥቅ መለየት አልተማርኩም። ቅጹ የሚጠይቀኝ ‹መከታተያ አለ ወይስ የለም› ብሎ ነው።»

«ከሌለስ?»

«‹የለም› እላለሁ። ቤቱ ደኅና ነው ማለት ነው።»

«ኧረ በፈጠረህ! ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሁሉ ትኩሳት የለበትም?»

ወጣቱ ሊስቅ ብሎ ተወው። «ቅጹን እኔ አልጻፍኩትም፣ አባባ።»

ልብስ ሰፊዋ አምስት ልጆቿን ይዛ ዘጠኝ ወር በሱቋ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ተኛች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት ግን ግድግዳው ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረበት፤ በጭቃ ደፍኖ በኖራ ለቅልቆት ስለነበር ከቤቱ የነቀነቀው የለም። ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ገባው፦ ስንጥቁን ያላወቀ በቤቱ ይኖራል፣ ያወቀ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ቅጣቱን አደጋው ላይ የጣለ መስሎት ማወቅ ላይ ጣለው። ማወቅ ሲወደድ ሰው ሸመታውን ተወ።

«አባ መስታወት፣ ይቺን ጉድህን ንቀልልን» እያሉ ይመላለሱበት ጀመር።

«አልነቅልም! ግድግዳችሁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የምወድቅባችሁ!» ይላቸው ነበር።

ራሳቸው በቢላ ነቀሏት። የኖራ ነጋዴው መጋዘኑ ባዶ ሆኖ «በየዓመቱ አንድ መመሪያ ቢያወጡልኝ!» እያለ ይስቅ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ባለቀለም ሠንጠረዥ ተለጠፈ፦ ስንጥቅ የታወቀባቸው ቤቶች ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወደ አሥራ ዘጠኝ ወርደዋል። ኃላፊው ለዚህ ውጤት የምስጋና ወረቀት ተቀበለ፤ አሁንም ከወንበሩ በላይ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል።

እህቱ የስልክ ቤት ጡረተኛ ነበረች። ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ ኖራ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ባለ ሁለት ክፍሏ ቤቷ ውስጥ ተሰበሰበች። የመኝታ ቤቷ የኋላ ግድግዳ ዳገቱን ተደግፎ የቆመ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያ ላይ አንድ መስታወት ተሰብሮ፣ ወንድሟ መሠረቱን አጠናክሮ አዲስ ለጥፎ ነበር። ያቺ መስታወት ከአልጋዋ ፊት ለፊት ናት። ጠዋት ስትነሣ ከማንም በፊት የምታየው እሷን ነበር፤ «እንዴት አደርሽ፣ እመቤቴ» ትላት ነበር።

መመሪያው በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ተቆጣጣሪዎች ያዩ የነበረው የውጭውን ግድግዳ ብቻ ነው። ዘንድሮ ቅጹ «ተሻሻለ»፤ መኝታ ቤት ድረስ መግባት ጀመሩ። በክረምቱ መካከል፣ በእህቱ መንገድ ሐሙስ እንደሚመጡ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ግንበኛው ረቡዕ ማንካውን ይዞ ሄደ።

«ልንቀላት ነው፣ እትዬ» አላት። «ለጥቂት ቀን ብቻ።»

«ማንን? እሷን? እጅህን ሰብስብ!»

«ካገኟት ያስወጡሻል። ስምንት ወር የት ትሆኛለሽ?»

«አንተ ጋ ነዋ።»

«እሺ፣ ነይ።»

«ያንተ ደረጃ ላይ እንኳን እኔ፣ ድመትም ሁለት ጊዜ አስባ ነው የምትወጣው!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ከመስኮቱ ወዲያ የልብስ ሰፊዋን ቤት ስታይ ቆየች። «ዝናቡ እኮ በርትቷል። ትንሽ ብትቆይልኝስ?»

«ዓርብ እመልሳታለሁ። የእኔ ቃል ነው።»

«ቃልህንማ አውቀዋለሁ» አለች።

በማንካው ጫፍ ጀሶውን ፈልቅቆ አነሣት። ሙሉ ናት፤ ጭረት እንኳን የለባትም። በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። ሐሙስ ያ ባለ ሰማያዊ ማኅደር ወጣት መጣ፣ አየ፣ «የለም» ብሎ ጻፈ፣ ሄደ። ዓርብ ግን ዘነበ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ጀሶ አይዝም። ቅዳሜ ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ ሳይነግሩ ይመለሳሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሲደርቅ፣ ወሬው ሲበርድ። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ ግድግዳው ዳገቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።

ፍርስራሹን ያነሣው ራሱ ነው። ጡቦቹን አንድ በአንድ ገልብጦ አየ። የስንጥቁ ከንፈሮች ጭቃ ጠጥተው ነበር፤ በአንድ ቀን የሚገባ ጭቃ አይደለም። ቢያንስ አምስት ቀን፣ ምናልባትም ሰባት። መስታወቷ ቦታዋ ላይ ብትሆን ኖሮ ቀጭ ትል ነበር። እህቱም በዚያው ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ልትላት ቀና ስትል ታያት ነበር። ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ አላስፈለገውም፤ ወረፋም አልጠበቀም።

ከቀብሯ በኋላ ነው ማዘጋጃ ቤቱ የጠራው።

«ውሸት የሚለውን ቃል ባይጠቀሙ» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእርስዎ ብለን እኮ ነው። ማን እንዳነሣው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እውነቱ ከተጻፈ አንቀጽ አሥራ አራት አለ፦ መከታተያ ያነሣ ባለሙያ የሥራ ፈቃዱ ይሰረዛል። እሳቸው አልፈዋል። ከእንግዲህ ምን ይጎዳሉ?»

ግንበኛው እስክሪብቶውን መልሶ ገፋው። «ለእኔ ብላችሁ? ለእኔ ብላችሁ የሞተችውን እህቴን ጥፋተኛ አደረጋችኋት? ሴትዮዋ እኮ አትንቀል ስትለኝ ነበር! እጅህን ሰብስብ እያለችኝ ነው የነቀልኩት! ለምን እንደነቀልኩት ለምን አልተጻፈም?»

«‹ለምን› የሚጻፍበት መስመር የለም።»

«ሌላው ሁሉ መስመር አለው! የጣሪያው ቀለም ሳይቀር መስመር አለው!»

ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰለት። «እንግዲህ ካልፈረሙ ‹አልፈርምም ብለዋል› ተብሎ ይዘጋል።»

«አይዘጋም» አለች መዝገብ ያዧ።

ሁለቱም ዞሩ። ሴትዮዋ ፋይሉን ዘግታ ተነሣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የቅርብ ዘመድ በጽሑፍ የሚሰጠው ቃል ከነማስረጃው ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። የገጽ ገደብ አልተቀመጠለትም። መስመርም አያስፈልገውም፤ ባዶ ወረቀት ነው።»

«ይሄ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው፤ አንቺን አይመለከትም።»

«ፋይሉ ይመለከተኛል» አለችና ባዶ ወረቀት በግንበኛው ፊት አስቀመጠች። «በእጅዎ ይጻፉት። ቀኑንና ሰዓቱን አይርሱ።»

ጥርሱን ነክሶ ጻፈ። እጁ ለጡብ እንጂ ለብዕር አልተገራም፤ ግማሽ ገጽ ለመሙላት ብዙ ቆየ። «መስታወቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እህቴ አትንቀል ብላኛለች። ያነሣሁት በአንቀጽ ዘጠኝ ምክንያት ከቤቷ እንዳትወጣ ነው። ሳነሣው ሙሉ ነበር። ቢቆይ ይሰበር ነበር። እኔም ዓርብ እመልሳለሁ ብዬ አልመለስኩም።» ከዚያ ደብተሩንና በመሐረብ የተጠቀለለችውን መስታወት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

መዝገብ ያዧ ደብተሩን ቅጠል በቅጠል ቆጠረች፤ መቶ ሰማንያ ሰባት። እያንዳንዱን ቁጥር ሰጠችው። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። መስታወቷን ግን «ይቺ ከወረቀት ጋር አትያያዝም» ብላ ወደ ግንበኛው መለሰቻት።

«ይህን ፋይል የሚያነበው ይኖራል?» ጠየቃት።

«አላውቅም» አለች። «ግን የሚጠፋ አይደለም።»

ኃላፊው እጁን ዘረጋ። ግንበኛው የሥራ ፈቃዱን ካርድ መዳፉ ላይ ሳይሆን ከእግሩ ሥር ወረወረለት። ጎንበስ ብሎ እንዲያነሣት ፈልጎ ነው። አነሣት።

ከሰዓት በኋላ በእህቱ መንገድ ሲያልፍ ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከመኖሪያዋ ጀርባ ያለው ዳገት ያው ዳገት ነው።

«አባ መስታወት፣ ይግቡ እስቲ» አለች። በሩን ዘጋች። «የኋላው ግድግዳ ላይ አዲስ መስመር አይቻለሁ። አንዷን ይለጥፉልኝ። ግን... ከቁም ሳጥኑ ጀርባ። ማንም እንዳያያት።»

ለእህቱ ይህ ሐሳብ ለምን እንዳልመጣለት ራሱን ጠየቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ሲለጥፍ ኖሯል። መደበቅ ከሙያው ውስጥ አልነበረም።

«ፈቃድ የለኝም» አላት።

«እኔስ መቼ ፈቃድ ጠየቅኩዎት?»

ቁም ሳጥኑን ለሁለት ገፉት። ጀሶ በጥብጦ የእህቱን መስታወት ስንጥቁ ላይ አጋደመ፤ ቀኑን በሚስማር ጫረበት። እስኪይዝ ድረስ በጣቱ ደግፎ ቆመ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ለሁለት መልሰው ገፉት፤ ሴትዮዋ አለከለከች።

«በስንት ቀኑ ነው የማያት?»

«በየቀኑ።»

«ቁም ሳጥኑ እኮ ከባድ ነው፣ አባ መስታወት።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ።»