አባ ነጋና የጓሮው ትል

አማከለችን በጎረቤትነት አውቃታለሁ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ወረታ ዳር ካለው ጓሮዋ ትወጣና አፈሩን በመኮትኮቻ ገልበጥ ታደርጋለች። ከዚያ «ና አባ ነጋ!» ስትል ገብስማው አውራ ዶሮ እየሮጠ መጥቶ ትሉን ይለቅማል። ስሙን ያወጣችለት፣ ከጫጩትነቱም ያሳደገችው ልጇ ጽጌሬዳ ነበረች። በ1951 ዓ.ም. ወባ ፎገራን ሲፈጀው ጽጌሬዳንም አባቷን ማረውንም ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ከአማከለች ሌላ ድምፅ ያለው ዶሮው ብቻ ሆነ። ዘመዶቿ ይፋግ ሄዳ አብራቸው እንድትኖር ሲለምኗት «አባ ነጋን ለማን ጥዬ?» ትላለች። ሰው ይስቅባታል። መሳቅ ማንን ያቅታል? የሚያቅተው ባዶ ቤት ማደር ነው።

ትንሽ ቆይቶ የወባ መድኃኒት ረጪዎች መርጫቸውን በትከሻቸው አንግተው መጡ። ግድግዳውን ረጭተው ሲያበቁ አንደኛው የተረፈውን ዲዲቲ መንገድ ላይ ሊደፋው ሲል እጁን ያዘችው።

«ተው ልጄ! መድኃኒት እንደ እጣቢ ይደፋል? ጠበል እንኳ እግር ከማይረግጠው ነው የሚፈስ።»

«ታዲያ የት ላድርገው እናቴ?»

«ከጓሮዬ አፍስልኝ። ያን ጊዜ ቢደርስልኝ ልጄን ባተረፈልኝ፤ አሁን ለአባ ነጋ ይሁነው።»

ሰውየው ሳቅ ብሎ አፈሰሰላት።

በማግስቱ ትሎቹ ማንም ሳይቆፍርላቸው ወጥተው ይንፈራገጡ ነበር። አማከለች በረከት መሰላት። አባ ነጋም ሳይጠራ መጥቶ እስኪጠግብ ለቀመ፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ አንገቱ ይርድ፣ ክንፉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች። በጽጌሬዳ ጋቢ ጠቅልላ አቀፈችው። «አይዞህ፣ ይለቅሃል» አለችው፤ ለልጇም ያለቻት ይኸንኑ ነበር። ሳይመሽ ሞተ።

ዲዲቲው መርዝ ሆኖ ከአፈሩ ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ ዶሮው መግባቱን የተረዳችው ከሐዘኑ በኋላ፣ በዚያው ቦታ የቀረው ትል ሁሉ ሞቶ ስታይ ነው። የምትቆጣው ሰው እንኳ አልነበራትም፤ አፍስልኝ ያለችው ራሷ ናት። ዘመዶቿ አሁንስ ነይ ቢሏት «ጓሮዬን መርዤ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች። በየዓመቱ እበት እየተሸከመች ያን ቦታ አለበሰችው። ትል ግን አልታየበትም። ሌላ ዶሮ ግዢ ሲሏትም እሺ አላለችም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ክረምት ስትኮተኩት አንድ ቀይ ትል ከመኮትኮቻዋ ሥር ተጥመለመለ። ፊቷ ሲበራ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ሳታስበው ቀና ብላ ጮክ ብላ ተጣራች፤

«ና አባ ነጋ!»

ዶሮው ይመጣበት የነበረውን መንገድ እያየች ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ትሉን አፈር አለበሰችው።