ሽማግሌው እስኪቀመጡ

ባንዳችን «ለጊዜው» አረፈ። ቃሉ የድምፃዊያችን ነው፤ ልጅ ወልዶ እንቅልፍ አጥቷል። ጊታሪስቱ ደግሞ ባንክ ተቀጥሯል። እኔ ድራመር ነኝ። ጊታር ያለው ሰው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሊጫወት ይችላል፤ ሮክ የለመደ ድራመር ብቻውን ሲመታ ግን ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

የምኖረው ቡራዩ፣ እህቴ ጋ ነው። ባሏ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት አለው። ጥሩ ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እስከ ዐቢይ ጾም በድራምህ ሞክር። ቋሚ ቦታ ካላገኘህ ጾሙ በሚገባበት ሰኞ ብየዳ ትጀምራለህ» አለኝ። በጾም ሠርግ እንደሌለ ያውቃል፤ አስልቶ ነው የተናገረው። ተናደድኩ፤ ግን የምበላው የእሱን ሽሮ ነበርና እሺ አልኩ። ብየዳን አልንቅም። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው፤ ባንዱ ከሌለ ድራመርነቴም አብሮ የሚቀር ከሆነስ?

መጀመሪያ ዓለም ገና ሄድኩ። ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች የሚበዙበት አንድ ቸርች ድራመር ይፈልጋል ተብዬ ነበር። የመዘምራኑ መሪ ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፤ ድራሙን ብርድ ልብስ ብናለብሰው ምን ይመስልሃል?» አለኝ። አለበስነው። በሚቀጥለው እሁድ «ጌታ ይባርክህ» ብቻ አለኝ፤ ገባኝ።

ከዚያ አንድ የሠርግ ባንድ ሊሞክረኝ ፈቀደ። መሪው ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ኪቦርዱ ራሱ ከበሮ በሚመታበት ዘመን እውነተኛ ድራም ይዞ መቅረብ ደንበኛ ይስባል ብሎ ነው። ሠርጉ ከቅበላ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሱሉልታ ነበር። ዘፈኖቹን ሳምንቱን ሙሉ ከስልኬ እየሰማሁ አጠናሁ፤ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያልቁ በቃሌ ያዝኩ። ድንኳኑ ሲሞቅ የሙሽራው አያት ዱላቸውን ከፍ አድርገው እየጨፈሩ ወደ መሃል ገቡ። በዚያችው ቅጽበት ዘፈኑ ያልቃል ብዬ ካጠናሁት ቦታ ደረሰ። እንደ ሮክ ኮንሰርት በረጅሙ አንጎደጎድኩና ሲምባሎቹን መትቼ፣ ድምፃቸው እንዳይቀጥል በእጄ ያዝኳቸው። ሁሉም ጸጥ አለ። ሽማግሌው ዱላቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

«ማሊፍ ዻብዴ?» አሉኝ፤ ለምን አቆምክ ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መሪው በኪቦርዱ ቀጥሎ ነገሩን ሸፈነልኝ። ዕቃ ስንጭን ግን አልሳቀልኝም። «እዚህ ዘፈን የሚያልቀው ስልክህ ላይ ባለቀበት ቦታ አይደለም። ሽማግሌ ከገባ፣ እሱ ሳይቀመጥ አይቆምም። ነገ ለመልሱ አትምጣ» አለኝ።

መልሱ የሙሽሪት ወላጆች ቤት ነው፤ ቡራዩ፣ ያውም እኛ ሰፈር። እህቴና ባሏ ተጠርተዋል። ብቀር ከኀፍረት እድናለሁ፤ ግን በማግስቱ በያጅ ነኝ። አልቀርም አልኩ። ድራሜን በባጃጅ አመላልሼ ከሁሉም ቀድሜ ድንኳኑ ውስጥ ገጣጠምኩት። መሪው ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ፤ በሰው ፊት ግን ምን ይበል?

ሽማግሌው ከሙሽራው ወገን ጋር መጡ፤ ዘፈኑ ሲሞቅም ገቡ። ዐይኔን ከእግራቸው አልነቀልኩም። ድምፃዊዋ ግጥም አልቆባት ያንኑ መልሳ መላልሳ ዘፈነችው። ሽማግሌው አልተቀመጡም። ሌላው ጨፋሪ ደክሞት ዳር ያዘ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያም ፈነዳ። ዛሬ እዚህ ድራም ላይ ልሙት እንጂ እኔ አላቆምም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

በመጨረሻ ላባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምን በደልኩህ?»

«ምነው አባባ?» አልኩ፣ መምታቴን ሳላቋርጥ።

«አቁም እንጂ። ከበሮ እየተመታ ጥሎ መቀመጥ ነውር አይደለም ወይ?»

«እኔ እኮ አንቱ እስኪቀመጡ ነው የምጠብቀው።»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። ቀስ በቀስ አበረድኩት፤ ወንበር አቀረቡላቸው፤ እሳቸው ሲቀመጡ ድራሙም ቆመ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። መሪው አጠገቤ ነበርና የተነጋገርነውን ሰምቶ ኖሮ በሳቅ ፈርሶ እንባውን ይጠርጋል። «ለዳግማይ ትንሣኤ ሰበታ ሠርግ ይዘናል። ጾሙን ሙሉ ልምምድ አለ፤ እንዳትቀር» አለኝ።

ድራሙን ስፈታ የእህቴ ባል ሊያግዘኝ መጣ። ደም ያዘለ መዳፌን አገላብጦ አየው።

«እኔ ጋ እኮ ጓንት አለ» አለኝ።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።