የጋሽ ልስን አውራ ጣት

አጎቴ ሸካራ ነገር ሲያይ ያመዋል። የሚሠራው ለጥበብ ሥራ ሰብሳቢዎች የሚሸጡ ትንንሽ ሐውልቶች በሚወጡበት ቤት ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው የወጣውን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቀለም ይቀባል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ልስን» ይሉታል። ቤትም ገብቶ እጁ አያርፍም፤ የበሩን ጠርዝ ይፍቃል፣ የማንኪያውን እጀታ ይፍቃል። ሚስቱ «እኔን ሳይጀምረኝ ልሽሽ» ትላለች።

ሐውልቶቹን መጀመሪያ በጭቃ የምትሠራው አሮጊት ቀራፂ፣ ለሽያጭ ቁጥር የሚጻፍባቸው ሳይጀመሩ ለራሷ ዓይን አራት ታስወጣለች። የሙከራ ቅጂ ይባላሉ፣ ቁጥር የላቸውም። ሰብሳቢ ነፍሱን የሚሰጠው ለእነሱ ነው፤ ጥቂት ናቸው፣ ደግሞም የእጇ አሻራ አልጠፋባቸውም። ጭቃው ላይ የተወችው የአውራ ጣቷ ምልክት ከሥራቸው ይታያል። አጎቴ ቁጥር ካላቸው ላይ ይፍቀዋል፣ ከሙከራዎቹ ላይ ግን አይነካውም።

አንድ ቀን ግን ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሽ ሴት ሐውልት ላይ ነካው። ስለ ጥርስ ሕመሙ እያወራ እጁ የለመደውን ሠራ፤ ፍቆ፣ ቀብቶ፣ ገልብጦ ሲያየው ቁጥር የሌለው የሙከራ ቅጂ ነው። ክው አለ። ቅርጽ ማውጫው ሥራው አልቆ ተሰብሯል፣ ሌላ አይወጣም።

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ የሐውልት ቂጥ ማን ያያል? እሱ ግን ቀራፂዋ ልትወስዳቸው ስትመጣ ቀድሟት ቆመ።

«እትዬ፣ አበላሽቻለሁ። አሻራዎን ፋቅሁት።»

አሮጊቷ ተቀብላው ወደ መስኮቱ ሄደች። ገልብጣ አየችው። አጎቴ እንጀራዬ አበቃ ብሎ ነበር። ከዚያ መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች።

«ይሄ የማን ነው ታዲያ?»

ያኔ አጎቴ ደንግጦ ሲጨብጠው ቀለሙ አልደረቀም ነበር። የራሱ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

«የእኔ ያለባቸው ሦስት ቀሩ» አለችው። «ያንተ ያለበት አንድ ብቻ። ዕድሜ ልክህን የእኔን ስትፍቅ የራስህን አንድም ቀን ትተህ አታውቅም። ይሄን አልሸጠውም፣ ውሰደው።»

አጎቴ ያገኘው ሳጥን ላይ ተቀመጠ። «እፎይ» ያለው ቤት ደርሶ ነው፤ አልቅሷልም፣ ቢክድም።

አሁን ሐውልቷ የሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ነች። የመደርደሪያውን ጠርዝ እስካሁን ይፍቃል። እሷ ጋ ሲደርስ ግን እጁን ኪሱ ይከታል።